ጳጉሜን 4 የተወለደችው ልጅና ሦስቱ ቀኖቼ

ከሁለት እትም በኋላ ተመልሻለሁ። የጠፋሁት ልጅ ስለወለድኩ ነው። (ባለቤቴ ይቺን ዓረፍተ ነገር አይታ «አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» አለችኝ። እሺ፣ ይታረም፤ የጠፋሁት እሷ ስለወለደች ነው።)

ለአዲስ አንባቢ፦ ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳር ቤት አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ደረሰኝ ከደረሰኝ ሳስታርቅ እውላለሁ። ማታ ማታ ይህን አምድ እጽፍ ነበር። አሁን ማታ የሚባል ነገር የለኝም። ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ግራ ክንዴ ላይ ልጅ አለች፤ ቀኝ እጄ ላይ ስልክ። በአንድ አውራ ጣት የተጻፈ ስለሆነ ፊደል ቢዘለል አርታኢያችን ይቅር ትበለኝ።

ስጠፋ ደብዳቤው ተከማችቷል። ስለ ኮሪደር ልማትና ስለ ቤት ኪራይ የጠየቃችሁኝ ለሚቀጥለው እትም ታገሱኝ። ዛሬ ከልጅ ጋር የተያያዙትን ብቻ ነው የማነሳው። ሌላ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የለም።

«ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ በመጪው ወር ትወልዳለች፤ የመጀመሪያችን ነው። የምሠራው በግል ድርጅት ነው። ለአባት ስንት ቀን ፈቃድ አለው? አለቃዬን ስጠይቀው ‹አንተ ምን ልትሠራ ነው፣ ልታጠባ?› ብሎ ሳቀብኝ። በዚያ ፈቃድስ ምን ይሠራል?» — ከሐዋሳ

መጀመሪያ ሕጉን እንጨርስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ይሰጣል፤ ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን። አለቃህ ሳቀም አልሳቀም ሦስቱ ቀን ያንተ ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኛ ከዚህ ይሻላል፤ እሱን ለእነሱ እንተወው።

«ተከታታይ» የምትለዋን ቃል ግን አስምርባት። የእኔ ልጅ የተወለደችው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው፤ ማክሰኞ። እስቲ ቁጠር። ማክሰኞ ጳጉሜን 4፣ ረቡዕ ጳጉሜን 5፣ ሐሙስ መስከረም 1። እንቁጣጣሽ! አገር ሁሉ ቤቱ የሚውልበት ቀን ለእኔ የአባትነት ፈቃድ ሆኖ ተቆጠረ። የሰው ኃይል ኃላፊያችን ፎርሙን ሞልታ «አርብ ትገባለህ» አለችኝ። «በዓሉስ?» አልኳት። «እሱም ቀን ነው» አለች። የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ከሦስት አንድ ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር አውቃለሁ። ግን አልተከራከርኩም። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው የመከራከር አቅም የለውም።

እንግዲህ ሦስት ቀን ምን ይሠራል ላልከው፣ የእኔን ልንገርህ።

ምጡ የጀመረው በዋዜማው ነው፤ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት። ዝናቡ ይወርዳል። የብሎካችን ልጆች ባዶ ገላቸውን ግቢው ውስጥ «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ይዘላሉ። ባለቤቴ መስኮት ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ድንገት ወገቧን ያዘች። አማቴ ከኩሽና ሆነው «ማርያም! ማርያም!» ማለት ጀመሩ። እኔ የሆስፒታሉን ቦርሳ ብድግ አድርጌ ሦስት ፎቅ በሩጫ ወረድኩ። ታች ደርሼ የላዳውን በር ስከፍት ባለቤቴ አብራኝ የለችም።

ይህን የነገርኩህ እንድትስቅ ብቻ አይደለም። ቦርሳውን ሌላ ሰው ይያዘው። አንተ እሷን ያዝ።

ማግስቱን ረፋድ ላይ የሆስፒታሉ ኮሪደር ሙሉ ወንድ ነበር። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቦርሳ፣ አንድ ዓይነት ፊት። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጉባን ያሳያል፤ የህዳሴ ግድብ እየተመረቀ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጣል ሥራ ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የአንድ ወር ደሞዜን በ12 ወር ከፋፍዬ ቦንድ ገዝቻለሁ። 14 ዓመት ያህል መሆኑ ነው። የዚያን ቀን ግን አንድም ነገር አልሰማሁም፤ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። በሩ ተከፈተ፤ ነርሷ ብቅ አለችና «የ6 ቁጥር ባለቤት! ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለች። ወዲያው ኮሪደሩ በጭብጨባ ቀለጠ። ለእኔ መስሎኝ እጅ ነሳሁ። ዞር ስል ሁሉም ዓይኑ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፤ ሪባኑ ተቆርጦ ይሆን ውሃው ተለቆ፣ እስከ ዛሬ አላጣራሁም።

የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ ማለት ይቻላል። የቀረው ከክፍያ መስኮት ወደ ፋርማሲ፣ ከፋርማሲ ወደ ክፍያ መስኮት ነው። ምቹ ጫማ አድርግ።

ሁለተኛው ቀን ቤት ገባን። ሰዉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይጎርፋል። የአውዳመት ዋዜማ ነዋ! እኔ የበር ዘበኛ ሆንኩ። ይህ ቀልድ እንዳይመስልህ፤ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ባለቤቴ እስከ ዛሬ የምታመሰግነኝ በዚህ ነው። አራስ ትተኛለች፤ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፤ ገንፎውን ይበላል፤ መርቆ ይሄዳል። «ልጅቷን አንዴ ልያት» ላለ ሁሉ «ተኝታለች» ነው መልሴ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። 5,150 ሜጋ ዋት በተመረቀ ማግስት! ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ለበዓል እንጀራ ሦስት ቤት አንድ ላይ ምጣድ ሰክቶ የብሎኩን ፊውዝ አቃጥለነዋል። የቀረውን ገንፎ እንግዳው በስልክ መብራት ጨረሰው።

ሦስተኛው ቀን እንቁጣጣሽ። አደይ አበባ የያዙ ልጃገረዶች በየፎቁ እየዘፈኑ ይወጣሉ። እኔ መኝታ ቤት በጉልበቴ ተንበርክኬ የመጀመሪያዬን ዳይፐር እከፍታለሁ። ጥቁር ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ፣ አረንጓዴ የሚያጣቅስ ጥቁር። ልቤ ቀጥ አለ። ላብ በላብ ሆኜ ለነርስ ጓደኛዬ ደወልኩ። ከት ብሎ ሳቀና «የአራስ ልጅ የመጀመሪያ ዓይነ ምድር እንደዚያ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ቢጫ ይሆናል» አለኝ። እኔ አማቴን ብጠይቅ ይበቃ ነበር፤ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። አንተ ግን አሁን ስለሰማህ አትደነግጥም።

አንድ ምክር ብቻ። ሕጉ የዓመት ፈቃድም ይሰጥሃል፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። ከእሱ ቆጥብ። ስትወስደው ግን ከሦስቱ ቀን ጋር አታያይዘው። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሰው ይሞላል። በሁለተኛው ሰዉ ወደየሥራው ይበተናል፤ ድስቱ ይራቆታል፤ ሚስትህ ከልጅ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ያኔ ነው ቤት መሆን ያለብህ። እኔ ይህን ያወቅኩት ፈቃዴን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ለአለቃህ ደግሞ «አላጠባም፤ ማታ ማታ ግን አስገሳለሁ» በለው።

«ልጄ፣ አባት ሆንክ አሉ፤ እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኔ ስድስት ልጅ ወልጄ አሳድጌአለሁ። ሁሉንም ገና እንደተወለዱ ለጋ ቅቤ አልሼ ነው። አሁን ምራቴ ‹ሐኪም ከልክሏል› ብላ አንድ ጣት እንኳ አላስነካ አለች። ልጄም ከእሷ ጎን ቆመ። በልጄ ቤት ተዋረድኩ። ከመቼ ወዲህ ነው ቅቤ መርዝ የሆነው?» — ከደብረ ማርቆስ

አሜን እማማ። ስድስት ማሳደግ ቀላል አይደለም፤ እኔ በአንዷ ወገቤ ተቆርጧል።

ቅቤ መርዝ አይደለም። የጨቅላው ሆድ ነው ገና ያልጠናው። ሐኪሞቹ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚሉት ውሃም ጭምር ከልክለው ነው፤ ቅቤን ለይተው አልጠሉትም። ከውጭ የሚገባ ነገር ተቅማጥ ያመጣል። ሆዱ በቅቤ ከሞላ ደግሞ ጡቱን አይስብም፤ ካልሳበ ወተቱ ይቀንሳል። በተለይ እንገሩ እንዳያመልጠው። በድሮ ጊዜ ቆሻሻ ነው እየተባለ የሚታለበውና የሚደፋው ያ ቢጫ ወተት፣ ለልጁ እንደ መጀመሪያ ክትባት ነው ይላሉ።

አሁን የእኔን ቤት ላጫውትዎ። አማቴ ከደብረ ብርሃን ሲመጡ ቅቤውን በኮባ ጠቅልለው፣ ኮባውን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጋዜጣ አድርገው ነው ያመጡት። ሁለት ቀን ተከራከርኩ። ሁለት ቀን ተሸነፍኩ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ቅቤውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ አማቴም አኮረፉ። በ45 ቀን ክትባት ስንሄድ እሳቸው ልጅቷን ታቅፈው ገቡ። እኔ አፌን ዘጋሁ። ነርሷ «ከጡት ሌላ ምን ምን ሰጣችኋት?» ብላ ጠየቀች። አማቴ እኔን በጎን ገረመም አድርገው «ምንም! ይኼ ሰውዬ መች አስነካኝ!» አሉ። ነርሷም «ጎሽ እናቴ፣ እንደ እርስዎ ያለ አያት መች ይገኛል» አለቻቸው። አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት ለልጅቷ ስኳር በውሃ ልስጣት ቢል በሩ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። «ነርሷ ለእኔ ነው የነገረችኝ» ይላሉ።

ስለዚህ እማማ፣ በቀጣዩ ክትባት እርስዎ ታቅፈውት ይሂዱ። ቅቤው አይባክንም፤ ለአራሷ ገንፎና ለአናቷ ይሁን። ልጁን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚያሞቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እሱን የሚያህል ሹመት ደግሞ በቤት ውስጥ የለም። ለልጅዎ ይህን ያንብቡለት፦ «ሐኪም ከልክሏል» ብሎ ፊት ማዞር ለእናት መልስ አይሆንም። ጉልበት ስሞ ማስረዳት ነው።

«አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ኡበር እነዳለሁ። ባለቤቴ ከወለደች 9 ቀኗ ነው። እናቷ ቪዛ አላገኙም። ገንፎ አምሯት ልሠራላት ሞክሬ ጓጎለብኝ። እሷ ‹ይጣፍጣል› አለችኝና አለቀሰች። ወንድ ልጅ ገንፎ ያገነፋል?» — ከሰሜን አሜሪካ

ያገነፋል። እኔም እናቴን በስልክ ስፒከር ላይ አድርጌ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዬ ብሎኬት ማያያዝ ይችል ነበር፤ ስለ ሲሚንቶ ደግሞ የምናገረው ከሥራ ልምድ ነው።

እናንተ አካባቢ የሐበሻ ሱቅ ሞልቷል፤ የገብስ ዱቄት አታጣም። ዱቄቱን በደረቅ ድስት ትንሽ አመስ አድርገው፤ ሽታው ሲመጣ ይበቃል። ውሃው ከዱቄቱ እጥፍ ይሁን። ጨው ጨምረህ አፍላው። ሲፈላ ከውሃው አንድ ኩባያ ቀንሰህ አስቀምጥ። የጓጎለብህ ይህን ስላላደረግክ ነው። አሁን ዱቄቱን ጨምርና በማማሰያ በጉልበት አማስል። ማማሰያ ከሌለህ ጠንካራ የእንጨት ማንኪያ ይሁን፤ ፕላስቲኩ ይታጠፋል። የጓጎለውን ከድስቱ ጎን እየጨፈለቅክ አሽ። ሲደርቅብህ ከዚያ ከኩባያው ውሃ ጠብ አድርግ። ክንድህ ሲደክም ግማሽ መንገድ ደርሰሃል ማለት ነው። እሳቱን ቀንሰህ፣ ከድነህ፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይብሰል፤ በመሀል እየከፈትክ እሽት አድርገው። ቅቤ የተቀባ ሳህን ላይ ገልብጠው፣ እጅህን ውሃ ነክረህ አለስልሰው፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርግ። የቀለጠ ንጥር ቅቤ በበርበሬ እዚያ ውስጥ። ዙሪያውን እርጎ ካለ እርጎ።

እናቴ ስልኩ ውስጥ ሆና ሦስት ጊዜ የጮኸችብኝ በአንድ ነገር ነው፦ «እሳቱን ቀንስ!» እኔም ለአንተ እጮሃለሁ።

መኪናዋ ካልተንቀሳቀሰች ገንዘብ እንደሌለ ገብቶኛል። አንተ ስትወጣ ግን ባለቤትህ ብቻዋን አትዋል። ጎረቤት ያሉ የሐበሻ እናቶችን አትፈር። «አራስ አለችን» ብለህ ደውል፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልቅሶዋ ደግሞ የገንፎው ጉዳይ እንዳይመስልህ። እናቷ አምረዋታል። በቪዲዮ ደውልላትና ገንፎውን እናቷ እያዩ ትብላ።

«ባለቤቴ በየቀኑ ‹ልርዳሽ?› ይለኛል። ሰው ሁሉ ‹ታድለሽ› ይላል። እኔ ግን ቃሉ ያናድደኛል። አጋነንኩ?» — ከአዳማ

አላጋነንሽም። እኔም እል ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቴ «የማንን ልጅ ነው የምትረዳኝ?» አለችኝ። መልስ ስፈልግ ነጋ። አሁን «ልርዳሽ» ያልኩ ቀን የዕለቱን ጨርቅ በሙሉ ማጠብ የእኔ ነው፤ ቅጣቱን ያወጣችው እሷ ናት።

«አንተ የሒሳብ ሰው ነህ። የደሞዝ ግብር ቀነሰ ተባለ፤ እኔ ግን ለውጡ አልታየኝም። ልጄ 2 ወሩ ነው፤ ደሞዜ ለዳይፐርና ለታክሲ ሆኗል። እውን ቀንሷል?» — ከአዲስ አበባ፣ ለቡ

ቀንሷል። ሐምሌ 2017 በጸደቀው ማሻሻያ መሠረት እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፤ ቀድሞ እስከ 600 ብር ብቻ ነበር። የላይኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ10,900 በላይ ነበር፤ አሁን ከ14,000 በላይ ሆኗል። በቁጥር ላሳይህ። ደሞዝህ 15,000 ብር ቢሆን በፊት 3,750 ብር ይቆረጥብህ ነበር። አሁን 3,200። ልዩነቱ 550 ብር ነው። ደሞዝህ 20,000 ቢሆንም 550፤ 50,000 ቢሆንም 550። ከ14,000 በላይ ላለነው ሁሉ ያው ነው። ጡረታው 7 በመቶ እንዳለ ነው።

ይህን ስሌት በሠራሁ ቀን ማታ ደስ ብሎኝ ወደ ሱፐርማርኬት ገባሁ። 550 ብሬን ይዤ ትልቁን የዳይፐር ፓኮ አነሳሁ። ዋጋውን አየሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ያልታየህ ለዚያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ዘለለ፤ ከዚያም መቶን አልፎ ሄደ። እኔ መሥሪያ ቤት ሆኜ ያን ጊዜ የማስበው ስለ ቆርቆሮና ስለ ሴራሚክ ነበር። ዳይፐርም የዱቄት ወተትም በዶላር እንደሚገቡ የሚገባህ ልጅ ሲኖርህ ነው።

አንድ ሞኝነቴን ልንገርህ። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር እያለች «ዋጋ ሳይጨምር ስቶክ እናድርግ» ብዬ ትንሿን መጠን ስድስት ፓኮ ገዛሁ። ብልህ የሒሳብ ሰው! ልጅቷ በሦስት ሳምንቷ ወፈረች። ጭኗ ላይ አልዘጋ አለ። ሁለቱ ፓኮ ሳይከፈቱ ቀሩ። በመጨረሻ አራተኛ ፎቅ ላለች አዲስ አራስ ሰጥተን፣ በምላሹ ሁለት ኪሎ ሽሮ አገኘን። ያቺን ግብይት እስከ ዛሬ መዝግቤ ለመዝጋት እቸገራለሁ።

አሁን እኛ ቤት ዳይፐር ለሌሊትና ለመንገድ ብቻ ነው። ቀን የሽንት ጨርቅ። ከአሮጌ አንሶላ 24 ቁራጭ አወጣን። የማጥበው እኔ ነኝ፤ ጠዋት 12 ሰዓት በረንዳ ላይ አሰጣለሁ። አንድ ጎረቤቴ ሳሰጣ አይቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባለቤትህን አመማት እንዴ?» አለኝ። «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ እየተከታተለ አየኝ። ባለፈው እሑድ እሱም ምንጣፍ ሲያራግፍ አገኘሁት፤ ሁለታችንም ያልተያየን መሰልን።

«ሴት ልጃችን 2 ወር ሞላት፤ ስም አላወጣንም። እናቴ አንድ ስም ይዛለች፤ የባለቤቴ እናት ሌላ። የልደት ሰርተፍኬቱስ ስንት ቀን ነው ጊዜው?» — ከባሕር ዳር

ሰርተፍኬቱን ላስቀድም። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። አንድ ወር ያህል አላችሁ፤ አያቶቹ ይህን ቢሰሙ ሊስማሙ ይችላሉ።

እኔ የሄድኩት በ85ኛው ቀን ነው። ወረፋ ጠብቄ ወረቀቱ ተሠርቶ ተሰጠኝ። ፈርሜ ልወጣ ስል ዓይኔ ቀኑ ላይ ወደቀ፦ ጳጉሜን 4 ቀን 2018። የሞላው ልጅ የሚመዘግብበትን ዓመት ጽፎታል። ጳጉሜን 2018 ገና አልመጣችም ነበር! በወረቀቱ መሠረት ልጄ አልተወለደችም። ስነግረው ወረቀቱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ «ግን አለች እኮ» አለኝ። ለማረም ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ጳጉሜን የተወለደ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ዓመቱን እዩ።

ስም ላይ ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። ሆስፒታል ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ የነበሩ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ገና ሴት መሆኗን ሲሰሙ «በቃ፣ አባይነሽ» አሉ። መሥሪያ ቤት ስገባ ሁሉም «ህዳሴ» ይላታል። አማቴ ሩፋኤልን ያልጠቀሰ ስም አልሰማም አሉ። እናቴ የሟች እህቷን ስም ፈለገች። እኛ ያደረግነው ይህን ነው፦ የክርስትና ስሟን ጉዳይ ለ80ኛው ቀን ለቄሱ ተውን፤ አማቴ በዚያ ተጽናኑ። የዓለም ስሟን ባለቤቴ አወጣች። እኔ የአባቷን ስም ስላወጣሁ ይበቃኛል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ፎቶዋንም የትም አልለጠፍኩም። ስታድግ ራሷ ትለጥፈው።

«ልጄ 3 ሳምንቷ ነው። ሰው ሁሉ ‹ደስ አይልም?› ይለኛል። ‹በጣም› እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እንቅልፍ እንጂ ሌላ ነገር አይሰማኝም። ሳያት ደስታ አይመጣም። ክፉ ሰው ነኝ? ስሜንም ከተማዬንም አትጻፍ።»

አልጻፍኩም።

ክፉ ሰው አይደለህም። ለእኔም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ነበሩ። ጨርቅ፣ ግሳት፣ ጨርቅ። ልጅቷ ትንሽ፣ ቀይ፣ የተቆጣች ነገር ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ስገባ አታውቀኝም። ጡት ስለሌለኝ ፊቷን ታዞራለች። ባለቤቴ ስታያት ፊቷ የሚበራው ነገር እኔ ጋ አልነበረም፤ እንዳለ አስመስላለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም። አሁን ታነበዋለች።

(ጨለማው ከጠናብህ፣ እህል ካልበላህ፣ ወይም ባለቤትህ ቀን ከሌት የምታለቅስ ከሆነ ግን ሐኪም አናግር። እሱ ሌላ ነገር ነው፤ ይታከማል።)

መቼ እንደተለወጠ ልነግርህ እችላለሁ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት። ከጀሞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሥራ ስሄድ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ «ስንት ወሩ ነው?» አለችኝ። ስለ ምን እንደምታወራ አልገባኝም። በጣቷ ትከሻዬን አሳየችኝ። ኮቴ ላይ፣ ትከሻዬ ጋ፣ የደረቀ ነጭ ወተት አለ። ሌሊት ሳስገሳት ያፈሰሰችው ነው። አንገቴን አዙሬ አሸተትኩት። ኮምጠጥ ያለ ሽታ።

«ሴት ናት» አልኳት። «አምስት ሳምንቷ ነው።»

ከዚያ ማውራት ጀመርኩ። ስታዛጋ አገጯ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ግራ ጆሮዋ ከቀኙ ትንሽ እንደሚያንስ፣ ሲያስነጥሳት ራሷ ደንግጣ እንደምታየኝ። እነዚህን ሁሉ ማስተዋሌን ራሴ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ «እም» ትላለች። ረዳቱ «ሳር ቤት ወራጅ አለ?» ብሎ ጮኸ። ሰማሁት። ስለ ጥፍሯ እያወራሁ ነበር፤ ጥፍሯን ለመቁረጥ እንዴት በጥርሴ…

ሜክሲኮ ደረስኩ። ከዚያ በእግሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ቢሮ የገባሁት 40 ደቂቃ አርፍጄ ነው። ኮቱን አላጠብኩትም።